ድመቷን ከቤት ያወጣን ለት

ወንድሜ ከቀበሌ እስር ቤት ተፈትቶ በመጣ ሰሞን ከቤት አይወጣም ነበር። ቀን ቀን መጋረጃውን ዘግቶ አልጋው ላይ ይቀመጣል፤ በር ሲንኳኳ ወደ ጓዳ ይገባል። እኔ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን። እናቴ ለቀጨኔ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተለች ነበር የምታስተዳድረን።

ድመቷን ያመጣችልን ከሸማኔዎቹ የአንዱ ሚስት ናት። የወንድሜን ነገር ሰምታ፣ ቤት የሚውል ሰው የሚያጫውተው ነገር ያስፈልገዋል ብላ፣ ዘንቢል ውስጥ ከድና ይዛት መጣች። ግራጫ ናት፤ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የለም። ቦታውን ሳትለምድ እንዳናወጣት አስጠንቅቃን ሄደች።

እናቴ በአሮጌ ነጠላ ጥለት ከአልጋው እግር ጋር አሰረቻት። ወንድሜ ግን በዚያው ዕለት ፈታት። ቋጠሮው ሲጠብቅበት በጥርሱ ታግሎ ፈታና ጥለቱን እሳት ውስጥ ጣለው። ከዚያ በኋላ ድመቷ ቤት ውስጥ እንደ ልቧ ሆነች፤ የእናቴን እንዝርት ስታሳድድ ትውላለች። ወንድሜም ያወራት ጀመር። ከእኛ ጋር ከሚያወራው ይበዛል።

ሳምንታት ሲያልፉ በሩ ሥር አፍንጫዋን ሰክታ መጮህ አመጣች። እናቴ ጩኸቱ ሰው ይጠራብናል ብላ ሰጋች። ብትወጣ ደግሞ የሚያስፈራው ብዙ ነው። ለባለቤት አልባ ውሾች መርዝ የተቀባ ሥጋ መንገድ ላይ ይጣላል። ከዚያ ይበልጥ የምንፈራው ግን ከጓሯችን የድንጋይ አጥር ወዲያ ያለውን ቀበሌ ነበር። ግቢው ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ነው፤ ወንድሜ ታስሮበት የነበረው መጋዘን ጣሪያው ከእኛ ጓሮ ይታያል። እሱ እዚያ በነበረ ጊዜ እናቴ ጓሮ መውጣት ትታ ነበር፣ ከወዲያ የሚሰማውን ላለመስማት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ራሱ እንልቀቃት አለ። እናቴ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብላ ለመነችው።

«በር ዘግቼባት መኖር አልችልም» አላት።

ተርባ ቶሎ እንድትመለስ ሳንመግባት በሩን ገርበብ አደረገው። እሱ ከውስጥ፣ እኛ ከኋላው ቆምን። ድመቷ አንድ እግሯን አወጣች፤ መልሳ ሰበሰበች። ከዚያ ሆዷን መሬት እያስነካች እስከ ጓሮው ጎመን ድረስ ሄደች። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ፀጉሯን ሲበትነው ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ትንሽ ፈገግ ማለት ጀምረን ነበር። ድንገት በመንገዱ በኩል የመኪና በር ድው ብሎ ተዘጋ። ድመቷ በርግጋ አጥሩ ላይ ወጣችና ወደ ቀበሌው ግቢ ዘለለች።

ጮክ ብሎ የሚጠራት አልነበረም። እኔ አጥሩን ተጠግቼ በሹክሹክታ «ውሮ፣ ውሮ» አልኩ። አልመጣችም። ጥላው ረዘመ። በመጨረሻ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ሄጄ እለምናቸዋለሁ አለች። ወንድሜ በሩ ላይ ቆመባት።

«አንቺ አትሄጂም፣ እማዬ። እኔን ያውቁኛል።»

እጅጌውን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ለቀቀችው። በሸበጥ እንደሆነ ወጣ። ከተፈታ ጀምሮ ያን መንገድ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ጓሮ ሄጄ ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ ለጠፍኩ። የዘበኛው ድምፅ ተሰማኝ፤ ልክ እንደ ወዳጅ «ምነው ጠፋህ?» አለው። የወንድሜን መልስ አልሰማሁም። ከዚያ ምንም የሚሰማ ነገር ጠፋ። ቤት ስገባ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ መድኃኔ ዓለምን እየጠራች ነበር። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሲመለስ ድመቷን ሹራቡ ውስጥ ከቷት ነበር። አንገቱን ቧጭራዋለች። እናቴ ፊቱን፣ ክንዱን፣ ጀርባውን ዳበሰችው። ውሃ ስሰጠው ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው።

የሆነውን ወደ ማታ ነገረን። ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ ከኋላ ከኋላው እየሄደ ራስህ ፈልጋት አለው። ድመቷ የመጋዘኑ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። በብረቱ መሐል የሰው እጆች ወጥተው ያሻሿታል፤ አንዱ እንጀራ ያጎርሳታል። ዘበኛውን ሲያዩ እጆቹ ገቡ። ወንድሜ ሊያነሳት እጁን ሲዘረጋ ከውስጥ አንድ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያንተ ናት?» አለው። አዎ አለ።

«ነገም ልቀቃት።»

ይህን ነግሮን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ እናቴ በሩን ቀርቅራ ቆማ ተከራከረችው። በድመት መልእክት ይላላካሉ ቢሉንስ? ተኩሰው ቢገድሏትስ? እሱ ግን ከፈተላት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትሄዳለች፤ እኛም እስክትመጣ እህል አይወርድልንም። እናቴ በተመለሰች ቁጥር የታሰረባት ነገር እንዳይኖር አንገቷንና ሆዷን ትፈትሻለች። ተገኝቶባት አያውቅም። ጠግባ ስለምትመጣ ግን የምንሰጣትን አትነካም።

ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ንጋት ላይ ከባድ መኪና ቀበሌው በር ላይ ቆሞ ሲያጓራ ሰማን። ማንም ከአልጋው አልተነሳም። በዚያ ቀን ድመቷ ሄዳ ወዲያው ተመለሰች፤ እግራችን ሥር እየተሽከረከረች ጮኸች። ርቧታል። እናቴ ያቀረበችላትን ሽሮ ፍትፍት ላሰችና እንደገና ጮኸች።

ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ፣ ሥጋ ቤት ሄጄ ሳንባ ልግዛላት ብሎ ወጣ። እናቴ እስኪመለስ ድረስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።