የአው ሙሜ የሦስት መቶ ዓመት ግድግዳ

ለጀጎል ነዋሪዎች፣ ካሜራ አንግተው ለሚመጡ እንግዶችና ለድንጋይ መፍጫው ባለቤት በሙሉ፦ ሽማግሌው ግንበኛ አው ሙሜ በቅርስነት መመዝገባቸውን በታላቅ ደስታ እናበስራለን። እሳቸው እንኳ አይደሉም፤ የጓዳ ግድግዳቸው ነው። እሳቸውን ማን ይመዘግባል?

ግድግዳው ከአምና ክረምት ወዲህ ሆዱን ነፍቷል። ከሥሩ ባለቤታቸው ዐይሻ ተኝተዋል፤ እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆነ፤ ሌላ ክፍል ደግሞ የለም። አው ሙሜ መላውን ያውቁታል፦ ከላይ ጀምሮ አፍርሶ፣ በዚያው ድንጋይና ጭቃ መልሶ መካብ። የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ግን ቅርስ አይነካም። አስጎብኚው ኢሳምም፣ "አው ሙሜ፣ ዝም ብለው ይተዉት። ፈረንጅ የሚወደው ማዘንበሉን ነው" ይላቸዋል። እሱ ከሥሩ አይተኛ።

ጥፋቱ የራሳቸው ነው። መዝጋቢዎቹ መጥተው "የስንት ዘመን ነው?" ሲሏቸው፣ የጀጎል ሰው በእንግዳ ፊት ቤቱን ማሳነስ አያውቅበትምና፣ "ሦስት መቶ ዓመት" ብለው ፈረሙ። የካቡት ራሳቸው ናቸው፣ በ1976፤ ድንጋዩንም ከከተማው ጀርባ ካለው ጋራ በአህያ አጋዙት።

ባለፈው ሰኞ ጥፋታቸውን ሊያምኑ ቅርስ ቢሮ ሄዱ።

"ወላሂ እኔ ነኝ የሠራሁት" አሉት ጌታነህ የሚባለውን ኃላፊ።

"ሁሉም እንደዚያ ይላል፣ አባቴ። ሲሚንቶ ሊለጥፉበት ነው?"

"በጭቃ ነው።"

"የጎደለውን ድንጋይስ ከየት ያመጣሉ?"

"ከጋራው።"

"የቱ ጋራ?" ጌታነህ ሳቀ።

እውነቱን ነው። ጋራው ተፈጭቶ ጠጠር ሆኗል፤ ጠጠሩም ያንን ግድግዳ ሊያዩ ለሚመጡት እንግዶች ሆቴል ሆኗል። ጋራ መብላት ልማት ይባላል፤ የራስን ግድግዳ ማቃናት ወንጀል።

"ያለው ድንጋይ ይበቃኛል፤ ዝቅ አድርጌ እክበዋለሁ" አሉ አው ሙሜ በደከመ ድምፅ። "ዐይሻ ከሥሩ ናት።"

"እንግዲያው ሲሠሩት ያየ አንድ ምስክር ያምጡ። መዝገቡን እሰርዘዋለሁ።"

ግድግዳውን ሲክቡ ጭቃ ያቦካላቸው ጎረቤታቸው ዓብዱላሂ ዛሬም በሕይወት አለ። ሄደው ለመኑት።

"አው ሙሜ፣ እኔም እኮ ለቤቴ ሦስት መቶ ብዬ ፈርሜያለሁ" አላቸው። "የእርስዎ ከተነካ የእኔም ይጠየቃል።" በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በ1976 በጀጎል በኩል አልፈው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የነካው ቀጭን ጎልማሳ ድንጋይ ሲክብ አይተው እንደሆነ፣ ባያዩም ግድ የለም፣ ሰው ላላየው ሦስት መቶ ዓመት ፈርሟል፤ መታወቂያዎን ይያዙና፣ ሰኔ ሳይገባ ወደ ቢሮው ብቅ ብለው አንዲት ፊርማ…