የኬብሉ ጫፍ

ሸዋ ሮቢት ኮምፒውተር ክዳኑን እንደለበሰ አይሠራም። ሙቀቱ ሲብስ ክዳኑን እናወልቅና ቬንትሌተር እናዞርበታለን፤ ሥራ የፈታ የመሰለንንም ዕቃ ከውስጡ ነቅለን «ይተንፍስ» እንላለን።

አንዲት እትዬ እንዲህ የተራቆተ አሮጌ ማሽን በባጃጅ ጭነው ጥገና ሱቄ መጡ። የአጣዬ ሰው ናቸው። ሟች ባላቸው ፎቶ አንሺ ነበሩ።

«ሰውን ሲያነሳ ኖሮ የራሱ ፎቶ የለውም» አሉኝ። «የነበረውም አጣዬ ስትቃጠል ከቤቱ ጋር ነደደ። ይሄ ማሽን ግን እዚህ ወንድሜ ቤት ስለነበር ተረፈ። የልጄ ኒካህ ደርሷል፤ ድክ ድክ ስትል ነው የሞተባት፣ የአባቷን መልክ አታውቅም። ሁለት ቦታ ወስጄው ዲስኩ ተቃጥሏል አሉኝ።»

ተናደድኩ። የእኛ ሰፈር ጠጋኝ ያላወቀው ነገር ሁሉ «ተቃጥሏል» ነው። ለአጣዬ ሰው ደግሞ ይህ ቃል እንደዋዛ አይወረወርም።

ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ዲስኩ በደህና ይዞራል። የዲስኩን ኬብል ስከተል የመጨረሻው መሰኪያ ባዶ ነው።

«እዚህ ጫፍ ላይ የነበረችው የት ሄደች?»

«ያቺ ሽቦ የሌላት? ወንድሜ ነቀላት፤ ምንም አልያዘችም፣ ሙቀት ታበዛለች ብሎ።»

ሳቄ መጣ። ያቺ ተርሚኔተር ናት። ኬብሉን ጨርሶ የሚመጣውን ምልክት እዚያው ታስቀረዋለች። እሷ ከሌለች፣ ጫፉ እንደተደፈነ የመስኖ ቦይ፣ ይመለስና ከኋላ የሚመጣውን ያደፈርሰዋል።

ከአሮጌ ዕቃ ገበያው ከምናለሽ ተራ የለቀምኳቸው ተርሚኔተሮች በቆርቆሮ አሉኝ። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት።

«አንዷን ሰካና ሞክራታ፣ ሁሉም አንድ ናቸው» አሉ እትዬ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ እትዬ።»

መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም። ለዘገምተኛ ዲስክ የተሠራችው ፈጣኑን ታሳስተዋለች፤ ቮልቴጇ የማይስማማውማ ጨርሳ ልትገድለው ትችላለች። እኔ በግምት አልሰካም። ዲስኩ ላይ የታተመውን የዓይነት ምልክት አንብቤ ያንኑ ምልክት የያዘችውን ፈለግሁ፤ አገኘኋት፣ ጫፉ ላይ ሰካኋት። ማሽኑ ተነሳ።

የአጣዬ ሰው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ሙሽሮች፣ ሕፃናት፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶዎች። ባላቸው ብቻ የሉም። እትዬ መሐረባቸውን ጠቀለሉ።

ግን ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ፎቶ አንሺው መብራቱን የሚሞክረው ራሱን እያነሳ ነው። የተበላሹ ፎቶዎች የተጣሉበትን ፎልደር ከፈትኩ። አንድ ቀጭን ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ግማሽ ፊቱ ብርሃን በዝቶበታል። በሌላ ጠዋት በተነሳውም ላይ እሱ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኗል። በሚቀጥለው ፎቶ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ልጅ አስቀምጧል፤ ጆሮውን ጨብጣ ትስቃለች።

«ያ ረቢ» አሉ እትዬ። እንባቸውን ሳይጠርጉ ወንድማቸው ቤት ለምትጠብቃቸው ልጃቸው ደወሉ።

«ቶሎ ነይ» አሏት። «አባትሽ እዚህ ተቀምጧል፤ አንቺንም ይዞሻል።»