ኮርቻ በወሬ አይሸጥም፦ ከአምቦ እስከ ካቺሲ

ከአምቦ የተነሳነው ማለዳ ነው፤ እኔ፣ የሚስቴ ወንድም ደረጀ፣ እና በእጄ የሠራኋቸው ስድስት ኮርቻዎች። ሚስቴ ጫልቱ በር ላይ ቆማ፣ "እነዚህ ሳይሸጡ ከተመለሱ የምትሠራባት ክፍል ትከራያለች፤ አበቃ!" ብላ ሸኘችን። እኔ ደግሞ ያቺን ክፍል ከማጣ ጥርሴን ባጣ ይሻለኛል።

ደረጀ ሞንታርቦ ተሸክሟል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ሳይጮህ የሚሸጥ የለም። ጫማ ሻጩ ይጮሃል፣ የአይጥ መርዝ ሻጩ ይጮሃል። አንተ ከማን ትበልጣለህ?" አለኝ። እኔም ሰው የሚያደርገውን ላድርግ ብዬ ተስማማሁ።

ጊንጪ

እዚህ መኪና ቀየርን። ረዳቱ ኮርቻዎቹን ጣራ ላይ አስሮ የሁለት ሰው ታሪፍ ጠየቀን። ስንከራከረው፣ "ፈረሶቹን ስላላመጣችሁ አመስግኑ!" አለን።

ጎጆ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በልተን ገበያው ዳር ኮርቻዎቹን ደረደርን። ገዢዎቹም ከነፈረሳቸው ከበቡን። ደስ አለኝ።

ደረጀ ሞንታርቦውን ከፈተው። "ኮርቻ! ኮርቻ! በታላቅ ቅናሽ!"

ጉድ ፈላ! አንዱ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ሽንኩርት ላይ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ደንበኞቼ በሙሉ ከፈረሶቻቸው ኋላ ሲሮጡ አየሁ። ሽንኩርት ሻጯ ደግሞ ወደ እኛ ስትሮጥ አየሁና ኮርቻዎቹን አፋፍሰን እግሬ አውጪኝ አልን።

"ድምፁ በዝቶ ነው፤ ካቺሲ ላይ እቀንሰዋለሁ" አለ ደረጀ መኪና ውስጥ።

"ትዘጋዋለህ! የሌላው ነጋዴ ደንበኛ በሁለት እግሩ ይመጣል፤ የእኔ በስድስት ነው!"

ካቺሲ

ከጎናችን ጫማ ሻጩ ሰማይ ቀዶ ይጮሃል። ደረጀ በቅናት ያየዋል። እኔ ኮርቻዎቹን ደረደርኩ።

አንድ ሽማግሌ፣ ኦቦ ቶሌራ፣ ጀርበ ሰፊ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። "አከም ጅርቱ" ተባባልን። ኮርቻውን ገለባብጠው ካዩ በኋላ፣ "ያየሁት ሁሉ ይጠበዋል። ይሄንንስ በምን ልመንህ?" አሉ።

"እኔን አይመኑ። ይጫኑትና ይጋልቡ፤ ካልተመቸው ይመልሱልኝ።"

ጭነው ወጡ። ከገበያው ጀርባም ጠፉ።

"በል ቻው በለው!" አለ ደረጀ። ሰዓቱ ሄደ፣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ሰውየው የሉም። ያቺ ክፍል ከነመጥረቢያዋ ለሌላ ሰው ስትከራይ ታየችኝ። "ኮርቻ የወሰዱ ሽማግሌ ብዬ በሞንታርቦ ልጥራቸው?" ሲለኝ ሽቦውን ነጠቅኩት። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር።

በመጨረሻ ኦቦ ቶሌራ ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው አምስት ፈረሰኞች። "ዳገት አወጣሁት፣ ቁልቁለት አወረድኩት። ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው! ጎረቤቶቼን ልጥራ ብዬ ነው የቆየሁት" አሉ። ሁሉም እየጋለቡ ሞከሩ፣ ገዙም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

አምቦ

ጫልቱ ባዶ እጃችንን ስታይ፣ "ተዘረፋችሁ?" ብላ ጮኸች። ነገሩን ስነግራት ግን፣ "ታዲያ ምን ይገትርሃል? ግባና ሥራ!" ብላ ወደ ክፍሌ ገፋችኝ። ለሌላው የሠራ ዘዴ ለእኔ ላይሠራ እንደሚችል ተምሬያለሁ። ደረጀ ግን አልተማረም፤ ጎረቤታችንን ፍራሽ ሻጩን "ዘመኑ የሙከራ ነው፤ ጋሼን አላየህም?" ብሎ አሳምኖታል።

በማግስቱ እንጨት ስጠርብ ፍራሽ ሻጩ ደጃፌ ላይ መጥቶ ቆመ።

"ሁለት ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ሱቄ ውስጥ ፍራሽ እየሞከሩ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ፣ ያንኮራፋሉ! አንዱ ነቅቶ ትራስ ጠየቀኝ።"