ከሮም ያመጣሁት የሙሉ ፎቶ

በደርግ ጊዜ ነው። የምሠራበት ፎቶ ቤት ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሮም ላከኝ። መውጫ ቪዛ እስካገኝ ያየሁትን ፍዳ አልዘረዝርም። ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ ግን ከሥልጠናው የከበደ አደራ ሰጡኝ። ልጃቸው ሙሉ በቤት ሠራተኝነት ሮም ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደብዳቤዋ ከቆመ ደግሞ ዓመት አልፏል። ሞታ መርዶዋን የደበቋቸው ይመስላቸዋል።

«ደኅና ናት ብለህ በአፍህ አትንገረኝ» አሉኝ። «ፎቶዋን አንሥተህ አምጣልኝ።»

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ

የሮም የቤት ሠራተኞች ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዕረፍት ናቸው። ያገራችን ልጆች ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ስለሚሰበሰቡ፣ ሦስት ሰው ጠይቄ ሙሉን አገኘኋት። የእናቷን ሥጋት ስነግራት እዚያው ቆማ አለቀሰች።

«ሦስት ጊዜ ጽፌላታለሁ ጋሼ። አሎራ፣ ታዲያ ደብዳቤው የት ነው የሚቀረው?»

«መንገድ ላይ ነዋ» አልኳት። በዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አይባልም።

በመቀስ እየተቆረጠች በሚዛን የምትሸጥ ፒሳ ጋበዘችኝና እየበላን ወደ ኮሎሲየም ወረድን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሮጌው ግንብ ሁሉ የማር መልክ ይይዛል። ያን የመሰለ ብርሃን ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ዛሬም ይናፍቀኛል። ፊልሜ ላይ ሦስት ፎቶ ብቻ ስለቀረኝ ግንቡ በሙሉ እንዲገባልኝ ወደ ኋላ ስሸሽ አስቆመችኝ።

«ፊቴን ያቅርቡልኝ። እማዬ ግንብ ምን ያደርግላታል?»

አዲስ አበባ

ሙሉ ከግራ ቅንድቧ በላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለባት። ሙሽራ ሳሳምር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ «ሞያ በልብ» የሚባለውን ረስቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ፎቶው በሚታተምበት ፊልም፣ በኔጌቲቩ ላይ፣ ጠባሳውን በእርሳስ ሸፍኜ አጠፋሁት። ፎቶውን አጥቤም እየተኩራራሁ ወሰድኩላቸው።

እማማ ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ። ብዙ አዩት። ከዚያ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ።

«አንተም ደበቅኸኝ» አሉ። «ይቺ እሷን የምትመስል ሌላ ልጅ ናት። የኔ ልጅ ምድጃ ላይ ወድቃ ግንባሯ ተቃጥሏል።»

ብምል ብገዘት አላመኑኝም። እየሮጥኩ ፎቶ ቤት ተመለስኩ፤ እርሳሱን አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጌ እንደገና አጠብኩት። እስኪደርቅ አልጠበቅሁም። ከነውሃው ሰጠኋቸው።

ጠባሳው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ውሃ ልቀዳ ትቻት ወጥቼ ነው የተቃጠለችው» አሉ። ጎንበስ ብለው ጠባሳውን ሳሙት፤ ነጠላቸውንም አቀኑ።

ይህን ያህል ዘመን ከሰው ፊት ላይ ምልክት ሳጠፋ ኖሬ፣ ምልክቱ የማን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።