ጥንቸል የማይበላበት ቤት

መገናኛ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት፣ የሥጋ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ጥንቸል አየሁ። ቆዳው ተገፎ፣ እግሮቹ ወደ ኋላ ተዘርግተው ተጋድሟል። የተገፈፈ ጥንቸል ከድመት አይለይም፤ ይህን ድሮ ነው ያወቅሁት። የማቀዝቀዣው ብርድ ፊቴን ሲነካኝ የመጣብኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠዋት የጓሮውን በር ስንከፍት ይቀበለን የነበረው የረጠበ ሣርና የሽንት ሽታ። ላስቲኩን መልሼ አስቀመጥኩና የመጣሁለትን ወተት ገዝቼ ወጣሁ።

ቤታችን የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነበር። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። አባቴ የመሥሪያ ቤት ሹፌር፣ እናቴ ከጓሮዋ ጎመን የምትሸጥ ሴት፣ ልጆቹ አራት፣ ትልቋ እኔ። በዚያ ላይ የአባቴ ታናሽ እህት ከገጠር መጥታ ተጨመረች። ኮተቤ ለመምህርነት ትማር ነበር፤ ትምህርቷ ባዮሎጂ ነው። ከእኔና ከታናሽ እህቴ ጋር ባንድ አልጋ፣ እነሱ ራስጌ፣ እኔ ግርጌ ሆነን እንተኛለን። የአክስቴ እግር ቀዝቃዛ ነበር፤ ፀጉሯ ደግሞ ሁልጊዜ የቅቤ ሽታ አለው። እኔ ከሰው ሁሉ አስበልጬ የምወደው እሷን ነበር።

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። አክስቴን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። ግን ቤቱ ጠቧት ነበር፣ መጥበቡንም ለአባቴ ትናገራለች። አባቴ «ሆድ ካገር ይሰፋል» ሲላት፣ «ሆድማ ይሰፋል፤ አልጋው ነው እምቢ ያለው» ትለዋለች። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ሁላችንም እንሰማለን። አክስቴም ትሰማለች። ቤት የምትከራይበት አቅም አልነበራትም፤ ከእኛ ዘንድ ከወጣች ትምህርቱን ትታ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። ይህንንም ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጥንቸሎቹን ያመጣችው ያን ሰሞን ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በካርቶን፣ ከኮተቤ በታክሲ። ከመምህሯ ለምና እንደወሰደቻቸው ነገረችን። ካርቶኑን እናቴ ፊት ስትከፍተው ፊቷ ያበራ ነበር።

«በየወሩ ይወልዳሉ እትዬ። የምበላውን ያህል ሥጋ እኔም ለቤቱ አስገባለሁ።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አይበላም።»

«ለምን?»

«አይበላማ!»

አባቴ ከውስጥ ሆኖ፣ «ያመሰኳል እንጂ ሰኮናው አልተሰነጠቀም፤ ተጽፏል» አለ። ስለ ሰኮና ሲነሳ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነበር፣ ግን አስረግጦ ነው የተናገረው። አክስቴ ሳቀች። ውሎ አድሮ ይለምዱታል ብላ ነበር። እሷም ራሷ ቀምሳው አታውቅም፤ ይህን ያን ጊዜ የጠየቃት የለም።

ሣር የማጨዱ ሥራ የእኔና የእሷ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ እንወጣለን። ዳገቱ ላይ የባህር ዛፉ ሽታ ጉሮሮ ድረስ ይገባል፤ ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ዝናብ የጀመረ ይመስል ይንሿሿል። አንድ ቀን አስቆመችኝና ከዛፎቹ ሥር ያለውን ራቁት መሬት አሳየችኝ።

«እዚህ ሣር ለምን የለም?»

«ሰው ስለሚረግጠው።»

«ውሃውን ዛፉ ይጨርስበታል። ብርሃኑንም ይከለክለዋል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ እንደ ልቡ አይበዛም፤ የሆነ ቦታ ሲደርስ አንድ ነገር ያልቅበታል። ምግብ፣ ውሃ፣ ቦታ። ከዚያ በሽታ አለ፣ የሚበላው አውሬ አለ።» ትንሽ አሰበችና፣ «የኛዎቹ ምን የሚያልቅባቸው ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ሣር» አልኳት፤ ትከሻዬን የሚቆርጠኝ እሱ ስለነበረ። ማጭዷን አንሥታ ቀደመችኝ። ወደ ማርያም የሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዛፉ ሳሳ ብሎ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ አለ፤ እዚያ አጭደን ወረድን።

ጥንቸሎቹ እንዳለችው በዙ። ከጣውላ የሠራነው ቤት ሞላ፣ ሌላ ቀጠልንበት፣ እሱም ሞላ። አምልጠው የእናቴን ጎመን ይግጡ ጀመር። ከዚያ ጆሯቸውን ቅርፊት የሚያለብስ በሽታ መጣና ጥቂቶቹን ወሰደ። ቀጥሎ ሸለምጥማጥ ከጫካው ወረደ። አንድ ጠዋት ጓሮው ላይ ነጭ ፀጉር ተበትኖ አገኘን፤ ከግማሽ በላይ ሄደዋል። አክስቴ ብዙም አላዘነችም፤ «እኛ ያልሠራነውን ሠራልን» አለች። የተናደደችው፣ ይገርማችኋል፣ እናቴ ናት። «ቤቴ ድረስ መጥቶ!» ብላ ከጎረቤት ቆርቆሮ ለምና፣ መዶሻ ይዛ፣ ዙሪያውን ራሷ መታችው። ጎመኗን ከጨረሱባት ከነዚያው ጥንቸሎች ጋር ወግና ማለት ነው። ሸለምጥማጡ ከዚያ በኋላ አልገባም። የተረፉትም እንደገና ወለዱ፣ ልጆቻቸውም ወለዱ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ መተኛት ሆነ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አንዷ እናት ጥንቸል የወለደቻቸውን እየበላች አገኘኋት። ሮዝ ናቸው፣ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ጮህኩ። አክስቴ ደብተሯን ጥላ ሮጠች፤ አየችና እጄን ያዘችኝ። ከዚያ በዚያ በአስተማሪ ድምጿ፣ ቀስ ብላ፣ «አይዞሽ፤ ክፋት አይደለም። ሲጨናነቁባት ትደነግጣለች። ቦታ ሲጠብ እናትየዋ ራሷ ትቀንሳለች» አለችኝ።

እናቴ የጎመን ቢላዋ ይዛ ከኋላችን ቆማ ነበር።

«ማናት የምትቀንሰው?»

«ጥንቸሏ ናት እትዬ። ጥንቸሏን ነው ያልኩት።»

እናቴ ቢላዋውን ደፉ ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤት ገባች። ያን ማታ ከግድግዳው ወዲያ ስለ አልጋው ምንም አልተወራም።

በእሑዱ እናቴ አባቴን፣ «አንዱን እረድልኝ» አለችው። በሰፈራችን ሴት አታርድም። ዶሮ እንኳ ሲሆን፣ ባል ቤት ከሌለ መንገደኛ አስቁሞ ማሳረድ ነው። ለጥንቸል የሚቆም መንገደኛ ግን ከየት ይመጣል? አባቴ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ብዙ ቆይቶ ቢላዋውን ተቀበላት፤ ፊቱን ወደ ራጉኤል አዙሮ አማተበ፣ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ። ይባርክ ይሁን ይቅርታ ይጠይቅ አላወቅሁም።

እናቴ እንደ ዶሮ ወጥ ሠራችው። ሽንኩርቱን እስኪከስም አቁላላች፣ በርበሬውን አልሰሰተችም። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ እንደ ማንኛውም የበዓል ወጥ ነው የሚሸተው። ገበታው ቀረበ። አባቴ ሆዴን ቆርጦኛል ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። ታናናሾቼ ተያዩ። አክስቴን አየኋት፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንጀራውን ትመለከታለች። ሥጋውን ላስገባላችሁ ያለችው ልጅ ራሷ እጇን መዘርጋት አልቻለችም።

እናቴ ቆረሰች። ሥጋውን መረጠች፣ ጠቀለለች፣ ጎረሰች። ሁላችንም አፏን እያየን አላመጠች፣ ዋጠችም። ከዚያ ተነሥታ፣ ሳትቸኩል፣ በጓሮ በር ወጣች። ስታስመልስ ሰማናት። ውሃ ሲፈስ ሰማን። ፊቷን ታጥባ፣ በነጠላዋ እያደረቀች ተመለሰችና ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ዶሮ በሉት።»

ሁለተኛ ልትቆርስ እጇን ስትሰድ አክስቴ ያዘቻት።

«እትዬ ተይው። ይበቃል።»

«ብዪ እንጂ! ያንቺ እኮ ነው፣ አንቺ ያመጣሽው ነው።»

አክስቴ የእናቴን እጅ እንደያዘች አለቀሰች። ቤታችን ከመጣች ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ወጡን ማንም አልነካውም፤ ለውሻ ተሰጠ።

በሳምንቱ አክስቴ የቀሩትን ጥንቸሎች በማዳበሪያ ይዛ ወደመጡበት መለሰቻቸው። ፈተናዋን ተፈተነች። ክረምቱን ከእናቷ ጋር ላሳልፍ ብላ አገሯ ገባች። አውቶቡስ ተራ ድረስ እኔ ነኝ የሸኘኋት፤ አትሂጂ ብያት ነበር፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ፣ «አሁን እግርሽን ትዘረጊያለሽ» አለችኝ። በመስከረም አልተመለሰችም። መልእክት ተላከ፣ አባቴም ራሱ ሄደ። ባዶውን መጣ። ጠመኔ ሳትይዝ ቀረች። አሁን እዚያው ባለትዳር ናት፤ ለቅሶና ሠርግ ሲያገናኘን ትስመኛለች፣ ስለዚያ ዓመት ግን አናነሣም። ሕይወት ያለው ነገር ለምን እንደማይበዛ እንደ እሷ አድርጎ ያስረዳኝ አስተማሪ ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

ልጆቹ ሁሉ ወጥተናል፣ አባቴም አርፏል። እናቴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን ናት። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ፣ ከወሬ መሐል፣ ጥንቸል ጣዕሙ ምን ዓይነት እንደነበረ ጠየቅኋት። ከሁላችን የቀመሰችው እሷ ብቻ ናትና።

ምን እንዳነሣሁባት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

«ጣዕሙን የት አውቄው» አለች። «እኔ አክስትሽን ነበር የማየው፤ አምናኝ ከእኛ ጋር ትቀርልኝ እንደሆነ።»