ከደረጃው መታጠፊያ ያላለፈው ሬዲዮ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ «ባለሜትሩ» እያለ ይጠራዋል፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅማ! ደንበኛውን አንዴ በዓይኑ ቢያየው ይበቃዋል፣ ግን ይለካል። ለክቶም አይበቃው፣ ደግሞ ይለካል። «አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» እያለ ሰው ያሰለቻል።

ይህ ሁሉ ልክ አዋቂነቱ ታዲያ ሬዲዮ ሲያይ የት እንደሚገባ እንጃለት። ሬዲዮ ስል በእጅ የሚንጠለጠለውን እንዳይመስላችሁ። የሱ ሬዲዮ ቡፌ የሚያክል፣ አራት እግር ያለው የእንጨት ሣጥን ነው። ፊቱ ጨርቅ፣ ሆዱ አምፖል፣ ከፍተውት እስኪሞቅ ድረስ ትንፍሽ የማይል የጥንት ዕቃ። ቤታችን ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ናት። በዚያች ሳሎን ሦስት ሬዲዮ ቆሞ ነበር። በአንዱ ላይ እንበላለን፣ በአንዱ ላይ ልብስ እናጥፋለን፣ ሦስተኛው የበሩን እኩሌታ ስለያዘ እንግዳ የሚገባው በጎኑ ነው። አንዷ ወፈር ያለች ዘመዳችን በዚሁ ተቀይማ ቀርታለች። እሱ «አንድ ሬዲዮ አየሁ» ባለ ቁጥር ከተጋባን ጀምሮ መልሴ አንድ ነበር። «የት ልናስቀምጠው ነው?» እለዋለሁ። ዝም ይላል።

ልጃችን ልትወልድ እኛ ዘንድ ስትመጣ ግን ቆረጥኩ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ አንዴ ከወጣ መመለሻው አይታወቅም። ሐኪሙ ደግሞ ሕፃኑ በእግሩ በኩል እንደተቀመጠ ነግሮናል። «ምጥ ከጀመራት አንድ ደቂቃ እንዳትቆዩ፣ ለሁለቱም ያሰጋል» ብሎ አስጠንቅቆናል። አልጋ መዘርጊያ ስናጣ ጊዜ «ወይ ሬዲዮዎችህ ይውጡ፣ ወይ እኔና ልጄ እንውጣልህ!» አልኩት። ሰንብቶ፣ አኩርፎ፣ ሦስቱንም በተሸካሚ አስወረዳቸው። እሰይ አልኩ። ግን ልቤን ሸከከው፤ ሲወርዱ ፊቱ ላይ ሐዘን አልነበረማ!

ለካ ሰውዬው ሦስቱን በአንድ ለውጧቸው ኖሯል። ልጅ ሆኖ ስፌት በተማረበት ቤት የነበረውን ዓይነት አግኝቶ ነው። ጌታው ሲከፍተው እሱ መርፌውን ይዞ ከበሩ ሥር ያዳምጥ የነበረውን። ዕድሜ ልኩን ሲፈልገው የኖረው እሱን ነው፤ የቀሩት ሁሉ ማስታገሻ ነበሩ።

ያ ሬዲዮ በመጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ «ወገቤን» ስትል ቆይታ፣ ድንገት የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ከመስኮት ጮህኩና ከታች ያለችው ባለሱቅ መኪና ልትጠራ ሮጠች። ልጄን ደግፌ ወጣሁ። ደረጃው ላይ «ወደ ቀኝ! ኧረ ወደ ቀኝ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ወይ ጉዴ! መታጠፊያው ላይ አንድ ግዙፍ ሬዲዮ መንገዱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል።

እዚያ መታጠፊያ ላይ የብረት መደገፊያ አለ። ባለፈው ወር ያስበየደው ራሱ ባሌ ነው፣ ልጁ ሆዷን ይዛ ስትወጣ የምትይዘው እንድታገኝ ብሎ። ሬዲዮው ያልፍ እንደሆነ ደረጃውን የለካው ግን ከዚያ በፊት ነው። አስር ጊዜ የለካ ሰው አስራ አንደኛውን ረሳ።

«አንተ ሰውዬ! ልጅህ ምጥ ይዟታል!»

«ምን?» አለ ከሬዲዮው ሥር።

«ምጥ! ውሃዋ ፈሷል! አውርዱት ይሄን ጉድ!»

«አይወርድም እናቴ» አለኝ አብሮት የያዘው ተሸካሚ። ከላይ ሆኖ ሲስብ አልሆን ቢለው፣ ከሥር ሊገፋ ተንጠላጥሎ ወርዶ ነበር። ያ ግፊያ ነው ጭራሽ የቀረቀረው። «እግሩ ብረቱ ውስጥ ገብቷል። ከለቀቅነው ደግሞ ተሰብሮ እላያችን ላይ ነው የሚመጣው።»

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባል የለ? ሁለት ወንዶች ከሥር ተሸክመው ቀሩ፣ እኔና ልጄ ከላይ። ጎረቤት ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ያንን ሆድ ይዞ በላዩ መሻገር አይታሰብም። ልጄ ብረቱን ጨብጣ «አባዬ!» አለች።

«አንቺ፣ ስሚኝ» አለ ባሌ። «በር የምናስደግፍባትን ካውያ አምጪ።»

የድሮ የከሰል ካውያ ናት፣ ከባድ ብረት። በረርኩና አመጣኋት። ስንት ቀን በልቤ እነዚያን ሬዲዮዎች ፈልጫለሁ! አሁን እጄን ሳነሳ ግን የተወለወለው እንጨት ላይ የራሴን ፊት አየሁና ካውያዋን መልሼ ዝቅ አደረግኳት።

«ምቺው እንጂ!»

መሃሉን መታሁት። ካውያዋ ነጥራ ተመለሰች።

«እዚያ አይደለም፣ መሃሉ ጠንካራ ነው። ጥጉን፣ ክዳኑና ጎኑ የሚጋጠሙበትን። ሙጫው አርጅቷል፣ እዚያ ጋ ይከፈትልሻል።» ድምፁ ለተማሪ ስፌት ሲያስፈታ የሚናገርበት ድምፅ ነበር። «እንደሱ። አሁን ዝቅ ብለሽ። አይዞሽ፣ አትፍሪ፣ ከሥር ይዤዋለሁ።»

እያለቀስኩ መታሁት። ክዳኑ ተነሳ፣ የጎኑ ሳንቃ ተላቀቀ፣ ጨርቁ ተተረተረ። ውስጡ ያሉት አምፖሎች አንድ በአንድ ሲፈነዱ እሰማለሁ፤ እሱም ይሰማል። ሣጥኑ ሲላላ ሆዱን ተቀብለው በጎን በኩል አሳለፉት። ተሸካሚው እጁን ዘርግቶ ልጄን ተቀበላት። ባሌ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የቀረውን ሳንቃ በትከሻው ይዞላት ነበር።

«እግርሽን እያየሽ ልጄ፣ ምስማር አለ» አላት። ስብርባሪውን ዞር ብሎም አላየው።

ሐኪም ቤት እንደደረስን ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በሩ ይከፈታል፣ ብድግ እንላለን፣ ሌላ ሰው ይወጣል። እሱ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ መዳፉ ላይ የተሰካውን ስንጥር ይነቅላል። ልጃችን አንድ ነገር ብትሆን ራሱን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

በመጨረሻ ነርሷ ወጣች። «ወንድ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው። ግን ለጥቂት ነው የደረሳችሁት!»

ሁለታችንም አለቀስን። ቀለል ሲለኝ እጁን ያዝኩት። «ሌላ እንፈልግልሃለን» አልኩት። «እኔ ራሴ አብሬህ እዞራለሁ፣ በሞትኩት።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«የት ልናስቀምጠው ነው?» አለኝ።

በንዴት ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። እሱ ግን የእውነቱን ነው የጠየቀኝ። ዝም አልኩ፤ ያን ሁሉ ዘመን እሱ ዝም እንዳለኝ።