የሲንና በረዶው

የሲን ወርቅ ሠሪ ነው። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በስተጀርባ ባለች መስኮት አልባ ጓዳ ተቀምጦ የሰው ቀለበት ሲያጠብና ሲያሰፋ ነው የኖረው። አጭር፣ ነገሩ ሁሉ ዝግ ያለ፣ ሲስቅ እንኳን አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ብታዩት ጥይት የሚወድ አይመስላችሁም።

እኔ የማውቀው ከጌም ቤት ነው። ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቴን ትቼ ሥራ ስፈልግ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ በነበረ አንድ ጌም ቤት ቶክን እንድሸጥ ተቀጠርኩ። ለጊዜው ነው ብዬ ነበር የገባሁት። ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ከባንኮኒው ጀርባ አልተነሣሁም፤ ደግሞስ ተነሥቼ ወዴት እሄዳለሁ?

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ገብረዮሐንስ ያገለገሉ ማሽኖች በጅቡቲ በኩል ያስመጡ ነበር። የኳስ፣ የመኪና፣ የድብድብ ጨዋታ ነበረን። በሩ አጠገብ ሁለት ጆተኒ ነበሩ። ከጥጉ ደግሞ ስሙ በጃፓን ፊደል የተጻፈ፣ ማንም አንብቦት የማያውቅ አንድ ማሽን ነበር። መጀመሪያ የሞከረው ሰው ስክሪኑ በጥይት ሲሞላበት «ኧረ በረዶ ጣለብኝ!» ብሎ ጮኸና፣ ስሙ በረዶ ሆኖ ቀረ።

ጨዋታው ለማየት ቀላል ነው። ከታች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አለች፤ ከላይ ጠላት ይመጣል። ጠላቱ ጥይት የሚተኩሰው አንድ ሁለት እያለ አይደለም፤ ይረጨዋል። ሮዝና ሰማያዊ፣ ምስር ምስር የሚያህል ጥይት እንደ አበባ እየተፈታ ይወርዳል። ሌላው ማሽን ጀማሪን ትንሽ ያጫውተዋል። በረዶ ግን መቀመጫው ወንበሩን በወጉ ሳይነካ ያሰናብተው ነበር። «ሌባ ማሽን!» እያሉ በእግራቸው መትተውት ይሄዳሉ። ጋሽ ገብረዮሐንስም ሊያስወጡት ሲያስቡ የሲን መጣ።

የዙሁር ሶላቱን ሰግዶ፣ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት ነበር የሚመጣው። ጣቶቹ በእሳትና በአሲድ ጠቁረዋል። ሌላ ማሽን ዞር ብሎ እንኳን አያይም። ይቀመጣል፣ ይሞታል፣ ይነሣል፣ በማግስቱ ይመጣል። የተናደደበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሰው ሲሞት ማሽኑን ይሰድባል፤ እሱ ግን ሲሞት ራሱን ነቅነቅ ያደርግና «ገባኝ» ይላል።

አንድ ቀን ቤቱ ጭር ብሎ ሳለ «የሲን፣ ለመሆኑ ምን አግኝተህበት ነው?» አልኩት።

«ነይ ተቀመጪ፣ አክበረት» አለኝ።

«እኔ?»

«አዎ አንቺ። ዕድሜ ልክሽን ቶክን ከምትሸጪ አንዴ ሙቺበት።»

ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ቆሞ ሲናገር ድምፁ መስጊድ ውስጥ እንዳለ ሰው ዝቅ ያለ ነበር።

«አውሮፕላኗ ትልቅ አትምሰልሽ። ክንፏ ለዓይን ነው፤ ቢነካም ምንም አትሆንም። የምትሞተው መሃሏ ያለችው ነጥብ ስትነካ ብቻ ነው። የጤፍ ፍሬ ነገር ናት። እሷን ብቻ ጠብቂ።»

«ይሄ ሁሉ ጥይትስ?»

«ጥይቱን ተዪው፣ ክፍተቱን እዪ። አብዛኛው የሚተኮሰው አንቺ ወዳለሽበት ነው። ስለዚህ ቀስ እያልሽ ወደ ጎን ውሰጂው፤ ተከትሎሽ ይመጣል። ዳር ስትደርሺ በክፍተቱ ተሻግረሽ ተመለሺ። የሚሞተው ደንግጦ የሮጠው ነው።»

ነገሩ ገብቶኝ ነበር። እጄ ግን አልሰማኝም፤ ወዲያው ሞትኩ። በሩ አጠገብ ብቻውን ጆተኒ ሲያሽከረክር የነበረው ኤርሚ በሳቅ ተንፈራፈረ። ኤርሚ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ ከተራው ይልቅ እኛ ቤት ነበር የሚገኘው።

«ጥይቱ ሲመጣ እንግዳ መስሏት ሄዳ ተቀበለችው!» አለ።

«አንተ ደግሞ ገብተህ አሳየና» አልኩት።

«እኔ ፋራ ነኝ እንዴ ነፍ ጥይት መሃል የምገባው? ጀለሴ የሲን ይሙትልኝ።»

የሲን አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ ሌላ ጊዜ ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ነገረኝ። ጥይቱ ከመጠን ሲያልፍ ማሽኑ ራሱ ይከብደውና ዝግ ይላል አለ። «ያኔ ሁሉም ነገር ይንሳፈፋል። ከላይ እስከ ታች ጥይት ነው፤ እኔ ግን ጊዜ አለኝ። አለቃዬም የለ፣ የሚጠራኝም የለ። ያቺ ነጥብና እኔ ብቻ ነን። ከውጭ ስታዪው ጭንቅ ነው፤ ከውስጥ ግን ጸጥታ ነው።»

ጨዋታው አምስት ስቴጅ አለው። የመጨረሻው ጠላት እንደ ጃንጥላ እየተዘረጋ ስለሚተኩስ «ጃንጥላው» አልነው። ከእኛ ሰው እሱ ዘንድ የደረሰው የሲን ብቻ ነው። የሲን የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ጃንጥላውን ገድሎ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ማየት። ቀላል ነገር ይመስላል። ዕድሜውን ፈጀበት።

ቤታችን አንድ ሕግ ነበረው። መብራት ሲጠፋ ማንም ከማሽኑ አይነሣም፣ ማንም የሰው ወንበር አይነካም። መብራቱ ሲመጣ ጨዋታ የተቋረጠበት ሰው በነጻ እንደገና ይጀምራል። መብራት የበላው ጨዋታ አይቆጠርም ይባል ነበር። አንድ ቅዳሜ የሲን ጃንጥላውን አዳከመው። ጆተኒው ቆመ፣ ሰው ሁሉ ከኋላው ተደረደረ፣ ጋሽ ገብረዮሐንስም መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ጃንጥላው መጨስ ጀምሮ ነበር። ቤቱ ድርግም አለ።

መጀመሪያ የጮኸው ኤርሚ ነው።

«ፈርቶ መብራቱን ነቀለው! የሲኔ፣ አሸንፈሃል በቃ!»

የሲን እጀታውን እንደያዘ ጨለማው ውስጥ ቀረ። ከወርቅ ቤቱ ሰው ልከው ቢያስጠሩትም አልሄደም። መብራቱ አመሻሽ ላይ መጣ። በሕጉ መሠረት አስጀመርኩት፤ ሦስተኛው ስቴጅ ላይ ሞተ። ሕጉ ጨዋታውን መለሰለት እንጂ የደረሰበትን ሊመልስለት አይችልም። «ገባኝ» አላለም ያን ቀን። ጃኬቱን ለብሶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ መጣ። ሁዳን አገባ፣ ወለዱ። በረመዳን ማሽኑን አይነካም፤ ከዒድ በኋላ ሲመለስ «እጄ ዛገ» እያለ ጣቱን እስኪያፍታታ ከሁለተኛው ስቴጅ አያልፍም ነበር። ጋሽ ገብረዮሐንስ ሌሎቹን ማሽኖች አስወጥተው ፕሌይስቴሽን አስገቡ። ወጣቱ ሁሉ ኳስ ሆነ። በረዶ ለየሲን ሲባል ከጥጉ ቀረ። እኔም ከባንኮኒው ሆኜ በሙዚቃው ብቻ የትኛው ስቴጅ ላይ እንዳለ አውቅ ነበር። ጃንጥላው ዘንድ ሲደርስ ሙዚቃው ይከብዳል፤ ያኔ ብርጭቆ ማጠቤን አቆማለሁ። ከዚያ የመሞቱን ድምፅ እሰማና ማጠቤን እቀጥላለሁ።

«ሼባ፣ ለምን ዩቲዩብ ላይ አታየውም?» አለው ኤርሚ አንድ ቀን። እሱ ራሱ ሸብቷል።

«የሰው ሠርግ በቪዲዮ አይቼ ምን ይሠራልኛል?» አለ የሲን።

ከዚያ ሠፈሩ ይነሣል ተባለ። በየበሩ ቀይ ምልክት ተደረገ፤ ሰው ዕቃውን ማሰር ጀመረ። የእኛም ቤት ተራው ደረሰ። የሲን ገላን አራተኛ ፎቅ ላይ ምትክ ቤት ደረሰው። ማሽኑን ለመውሰድ አስቦ ነበር፤ ደረጃውን ሄዶ ሲያየው ተወው።

«ወስደኸው ቢሆን ሁዳ ከላይ ቦምብ ትጥልብህ ነበር» አለው ኤርሚ። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ገብረዮሐንስ በረዶን ለቆራሌው ሰጡት። የሚወሰድበት ቀንና የሲን የሚጓዝበት ቀን አንድ ሆነ። የሲን በጠዋት መጣ።

«ጋሼ፣ መጨረሻውን ሳላየው አይስጡብኝ» አለ።

«ሰውየው እስኪመጣ ያንተ ነው ልጄ» አሉት። «ከመጣ በኋላ ግን ምን አደርጋለሁ?»

የሲን መነጽሩን አጠለቀና ተቀመጠ። የመጀመሪያው ጨዋታ አራተኛው ስቴጅ ላይ ተበላሸ። በሁለተኛው፣ ጃንጥላው ዘንድ ደርሶ ሞተ። ሦስተኛውን ሲጀምር ሁዳ ገባች። በዚያ ሁሉ ዓመት ያን ቤት ረግጣ አታውቅም።

«አይሱዙው ተጭኖ አልቋል፤ ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው» አለች።

የሲን አልሰማትም፤ መስማትም አይችልም ነበር። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። ከኋላው ቆማ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና «ይሄ ነው እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ይሄ ነው» አልኳት።

ጃንጥላው ሲመጣ አንድ ላይፍ ብቻ ቀርቶት ነበር፣ ጥይቱን ሁሉ ጠራርጎ የሚያጠፋለት ቦምብም አልቋል። ጥይቱ ወረደ። ማሽኑ ዝግ አለ። ያቺ አውሮፕላን እምብዛም አልተንቀሳቀሰችም፤ ቀስ እያለች ወደ ግራ፣ ቀስ እያለች ወደ ግራ፣ ከዚያ እንደ መርፌ ሾልካ ወደ ቀኝ። ሁዳ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ጃንጥላው ፈነዳ።

አውሮፕላኗ ብቻዋን በባሕር ላይ ስትበር ታየች። ማንበብ የማንችለው ጽሑፍ አለፈ። ኤርሚ ጮኾ የሲንን ከኋላ አቀፈው። ጋሽ ገብረዮሐንስ «እሰይ! እሰይ!» አሉ። ከዚያ ጽሑፉ ጠፋና የመጀመሪያው ስቴጅ ሙዚቃ ተነሣ። ያው ከተማ፣ ያው ትንንሽ ጠላት። አሁን ግን አንዱ ሲመታ ከሬሳው ደግሞ ሌላ ጥይት ይፈነዳል።

«ምንድን ነው? አላለቀም እንዴ?» አለ ኤርሚ።

«ከመጀመሪያው ጀመረ» አሉ ጋሽ ገብረዮሐንስ። «አብሶ።»

የሲን ኤርሚን በክርኑ ገፋ አድርጎ እጀታውን ያዘ። ጃንጥላው እንኳን እንደዚያ አይተኩስም። የሲን ጎንበስ ብሎ፣ ሳቁን ሳይሸፍን፣ ከጠበቅነው በላይ ቆየ። ከዚያ ሞተ።

«ገባኝ» አለ።

ሁዳ «እንሂድ?» አለችው። በቁጣ አልነበረም።

ቆራሌው ከረዳቱ ጋር በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። የሲን ሶኬቱን ነቀለ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ከማሽኑ ጀርባ አሰረው።

«ይሠራል እንዴ?» አለ ቆራሌው።

«ይሠራል» አለው የሲን። ከዚያ አንዱን ጥግ ራሱ ይዞ፣ በሩ እንዳይፍቀው «ወደ ግራ፣ ቀስ በሉ» እያለ አብሯቸው ወደ መንገድ አወጣው።